እሳት አታስነኪው፦ ከቡራዩ የአንድ ቁስል ታሪክ

ቁስሉ የጀመረው በቆርቆሮ ነው። ግንቦት መጨረሻ ላይ ጋሼ ክረምቱ ሳይገባ የሚያፈሰውን ጣሪያ ልድፈን ብሎ መሰላል ላይ ወጣ። ሲወርድ ግድግዳው ጥግ ቆሞ የነበረ አሮጌ ቆርቆሮ ቀኝ እግሩን ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ብሎ ቀደደው። ጣት የሚያህል ርዝመት ነበረው፤ ብዙም አልጠለቀም። አክስቴ አረቄ አፈሰሰችበትና በታጠበ የነጠላ ቁራጭ አሰረችው። በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ሄዶ የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ ተወጋ። እስከዚህ ድረስ የሚወቀስ ሰው የለም።

ጋሼ የምለው ያሳደገኝን የአክስቴን ባል ነው። 58 ዓመቱ ነው። የመጋዘን ጥበቃ ነው። ቤቱ ቡራዩ፣ ከአሸዋ ሜዳ ገባ ብሎ ነው። ታሪኩን ልጽፈው ስለው «ጻፊው፤ ስሜን ግን ተይልኝ» አለኝ። እኔ ደግሞ ፋርማሲስት ነኝ። ይህን ከወዲሁ የምናገረው የመጀመሪያው ጥፋት የኔ ስለሆነ ነው።

15 ፍሬ

ሰኔ ሲገባ የቁስሉ ዙሪያ ቀላ፣ አበጠ፣ መግል ያዘ። አክስቴ ደወለችልኝ። ማታ ከሥራ ስወጣ 15 ፍሬ አሞክሳሲሊን ይዤ ሄድኩ። ባለ 500 ሚሊግራም፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለ5 ቀን። ሐኪም አላየውም። ከቁስሉ ናሙና አልተወሰደም። ስኳሩ አልተለካም። ቀኑን ሙሉ ለደንበኛ «ማዘዣ ይዘዋል?» ስል የምውል ሰው፣ ለቤተሰብ ሲሆን ማዘዣ የሚባል ነገር መኖሩም ትዝ አላለኝ።

በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ቀለል አለው። የተረፈውን 6 ፍሬ በጋዜጣ ጠቅልሎ ኮመዲኖ ውስጥ አስቀመጠው። «ለሌላ ጊዜ ይሆነኛል» አለ። በየቤታችን ያለውን ኮመዲኖ ብናራግፍ ስንት እንዲህ ያለ ጥቅልል ይወጣ ይሆን?

ቢጨርሰውም ኖሮ ብዙ ለውጥ አይመጣም ነበር። ይህን ዩኒቨርሲቲ ተምሬዋለሁ፤ ለፈተናም ጽፌዋለሁ። የተበከለ የቆዳ ቁስል ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ስታፊሎኮከስ አውሬየስ፣ ባጭሩ ስታፍ፣ የሚባል ባክቴሪያ ነው። አብዛኛው ስታፍ ፔኒሲሊንን የሚቆርጥ ኢንዛይም ያመርታል። አሞክሳሲሊንም የፔኒሲሊን ዘመድ ስለሆነ አብሮ ይቆረጣል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ፔኒሲሊንን ያገኘው በፈረንጆቹ 1928 ነው። መድኃኒቱ ገና ለሕዝብ ሳይዳረስ፣ በ1940፣ እሱን የሚያፈርስ ኢንዛይም ያላቸው ባክቴሪያዎች እንዳሉ ተጻፈ። ፍሌሚንግ ራሱ በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል፣ ሰው መድኃኒቱን አሳንሶ እየወሰደ ባክቴሪያውን እንዳያለማምደው አስጠንቅቆ ነበር። ኢንዛይሙ የማይቆርጠው ሜቲሲሊን በ1959 ወጣ። በ1961 ደግሞ ሜቲሲሊንንም የተላመደ ስታፍ እንግሊዝ ውስጥ ተገኘ። ዛሬ ኤምአርኤስኤ የሚባለው እሱ ነው።

የጋሼ ሕመም በሦስተኛው ቀን የቀለለው መግሉ ፈንድቶ ስለወጣ ይመስለኛል። ምስጋናውን ግን እንክብሉ ወሰደ።

ፌስታሉ

ሐምሌ አጋማሽ። ዝናቡ አያባራም። ጋሼ ሌሊቱን በቦቲ ጫማ ቆሞ ያድራል፤ ቁስሉም እንደረጠበ ያድራል። መግሉ ተመልሶ መጣ። አሁን ሽታም አለው። አንዲት ጎረቤት ስልኳ ላይ ያየችውን ይዛ ከች አለች። «ነጭ ሽንኩርት እኮ አንቲባዮቲክ ነው። መድኃኒት የተላመደውን ሳይቀር ይገድላል።»

ጣጣው ያለችው ነገር ውሸት አለመሆኑ ነው።

አክስቴ ሦስት ራስ ነጭ ሽንኩርት ላጠች፤ ሙቀጫ ውስጥ ወቀጠች፤ ቁስሉ ላይ ለጠፈችው። እንዳይደርቅ ብላ በፌስታል ጠቀለለችውና በላዩ ጨርቅ አሰረችበት። ጋሼ ቦቲውን አጥልቆ ሥራ ገባ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሲፈታው ከፌስታሉ ሥር ያለው ቆዳ አብሮ ተነሣ። ጣት የሚያህለው ቁስል መዳፍ የሚያህል ሆኗል። ዳር ዳሩ ውሃ ቋጥሯል። መካከሉ ነጭ ሆኖ የተቀቀለ ሥጋ መስሏል።

ጥሬ ነጭ ሽንኩርት፣ በተለይ ታስሮ ሲያድር፣ ቆዳን እንደ እሳት ያቃጥላል። ይህ በሕክምና ጽሑፎች ውስጥ በተደጋጋሚ ተመዝግቧል። ጎረቤታችን ያየችው ቪዲዮ ውስጥ ግን አልነበረም።

«ሌሊቱን ሙሉ አላቃጠለህም?» አልኩት።

«ምንም። እንዲያውም ቀዝቀዝ ብሎኝ ነበር።»

ይህቺን መልስ ሰምቼ አለፍኳት። እስካሁን ታናድደኛለች። እንዲህ ያለውን ቃጠሎ እግሩ ደህና የሆነ ሰው አይችለውም፤ ፈትቶ ይወረውረዋል። ጋሼ ግን ሌሊቱን በሙሉ ቆመበት። እግሩ ስሜት አጥቷል ማለት ነው። እግር ደግሞ እንዲሁ በባዶ ሜዳ ስሜት አያጣም።

ጉንዳን

በአምቦ መንገድ ወደ ገፈርሳ ግድብ ሲኬድ፣ ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ፣ ቁስል በማየት የሚታወቁ አንዲት መድኃኒት አዋቂ አሉ። ሰፈሩ እማማ ይላቸዋል። የላምም የሰውም ቁስል ያያሉ። አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀሉ ነው የሚያወሩት፤ ብሳናን በከኒሳ፣ ግራዋን ኢቢቻ ይሉታል። አክስቴ ጋሼን ወደሳቸው ልትወስድ ስትነሣ ተቃወምኩ። ስላልተሰማሁ አብሬ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር የሄድኩት ልጣላ ነው።

እማማ ጨርቁን ራሳቸው ፈቱት። ቁስሉን አልነኩም። ጎንበስ ብለው አሸተቱት። ከመሬት የሣር አገዳ ቀነጠሱና ጣቶቹንና የውስጥ እግሩን ነካ ነካ እያደረጉ «ይሰማሃል?» ይሉታል። አይሰማውም። ከዚያ ቀና አሉ።

«ሌሊት ስንቴ ለሽንት ትነሣለህ?»

ጋሼ ሰረቅ አድርጎ አየኝና «አራቴ… አምስቴ» አለ።

«የሸናህበት ላይ ጉንዳን ይሰበሰባል?»

ዝም አለ። የመለሰችው አክስቴ ናት። «አጥሩ ሥር ይሰበሰባል። እኔ እኮ ልጆች ከረሜላ የጣሉ መስሎኝ ነበር።»

እማማ ጨርቁን መልሰው አሰሩት። «ዛሬ ምንም አላደርግለትም» አሉ። «መጀመሪያ ስኳሩን ይለካ። ስኳር ያለበት ቁስል በቅጠል አይመለስም። እግር ሲቆረጥ አይቻለሁ።» ወደ እኔ ዞሩና፣ «አንቺ መድኃኒት ቤት ነሽ አሉ። መለኪያው የለሽም?»

ነበረኝ። ሱቁ መደርደሪያ ላይ ተደርድሮ ለሽያጭ ተቀምጧል። የዚያኑ ዕለት ማታ የጋሼን ጣት ወግቼ ለካሁት። 340 አለ።

የጉንዳኑ ነገር ተረት አይደለም። ደም ውስጥ ያለው ስኳር በዴሲሊትር ከ180 ሚሊግራም ገደማ ሲያልፍ፣ ኩላሊት ሁሉንም መልሶ መያዝ ያቅተዋል። የተረፈው በሽንት ይወጣል። ጉንዳን ይህን ለማወቅ ላብራቶሪ አይፈልግም። ስኳሩ ለዓመታት ሳይታወቅ ሲቆይ የእግርን ነርቮች ይጎዳል፤ ደም ሥሮችን ያጠባል፤ ባክቴሪያን የሚውጡትን ነጭ የደም ሕዋሶች ያዳክማል። የጋሼ እግር ላይ ባክቴሪያው ሰተት ብሎ የገባው ጠባቂው ተኝቶ ነው። እሱ ጥበቃ ስለሆነ ይህን ስነግረው ሳቀ፤ ከዚያ ደግሞ ሳቁን አቆመ።

ሁለት ፊደል

አዲስ አበባ ሆስፒታል ወሰድነው። ነርሷ ናሙና አወሳሰዷን ቆሜ ተመለከትኩ። ላይ ላዩን ያለውን መግል ጠራርጋ አልወሰደችም። መጀመሪያ በጨው ውሃ አጠበችው። የሞተውን ሥጋ ሐኪሙ ቆርጦ አነሣ። ጋሼ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ከዚያ ነው ጥጡን ከቁስሉ ወለል ላይ ጫን አድርጋ ያሽከረከረችው። ላይ ላዩን የሚገኘው ባክቴሪያ ብዙ ጊዜ ከቆዳና ከጨርቅ የመጣ አላፊ አግዳሚ ነው። ጥፋተኛው ከሥር ነው ያለው።

ውጤቱ በሦስተኛው ቀን ደረሰ። አንድ ገጽ ነው። በግራ በኩል የመድኃኒቶች ስም፣ በቀኝ በኩል አንድ አንድ ፊደል። ኤስ ማለት ባክቴሪያው ለመድኃኒቱ ይሸነፋል፤ አር ማለት ተላምዶታል። ፔኒሲሊን፦ አር። ኤሪትሮማይሲን፦ አር። ሴፎክሲቲን፦ አር።

የመጨረሻዋ ናት ከባዷ። ላብራቶሪ ሴፎክሲቲንን የሚጠቀመው ሜቲሲሊንን የተላመደ ስታፍ ለመለየት ነው። እዚያ ላይ አር ከመጣ፣ በየፋርማሲው የሚሸጠው ክሎክሳሲሊን አይሠራም። ሴፍትሪያክሶን ቢወጋም አይሠራም። ዝቅ ብሎ ግን ዶክሲሳይክሊን ኤስ፣ ክሊንዳማይሲን ኤስ ይላል። በር ገና አልተዘጋም።

ጋሼ ዶክሲሳይክሊን ጀመረ። ኢንሱሊን ጀመረ። በራጅ ሲታይ አጥንቱ አልተነካም። ቁስሉ በየቀኑ እየታጠበ ፋሻ ይቀየርለታል። ቦቲው ቀረ፤ አሠሪው ለሁለት ወር የቀን ተረኛ አደረገው። በነሐሴ መጨረሻ ሽታው ጠፋ። በመስከረም ከሥሩ ቀይ፣ እህል እህል የሚመስል አዲስ ሥጋ ብቅ አለ። ኅዳር ላይ ተዘጋ።

ሁሉም እንዲህ አይወጣም። በፈረንጆቹ 2019 መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ቀጥተኛ ምክንያት በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ተገምቷል። ግምቱ ሲወጣ አንብቤው ነበር። ያኔ ቁጥር ነበር።

አሁን ወደ ጣጣው። ጋሼን ምን አዳነው? ካርዱ ላይ ዶክሲሳይክሊን ይላል። ሰፈሩ እማማ ይላል። እኔ ስኳሩ መውረዱ ነው ባይ ነኝ፤ የሞተው ሥጋ መነሣቱም አለ። አክስቴ ደግሞ ፋሲካ ላይ፣ ዶሮ እየበላን፣ እንደ ቀልድ ጣል አደረገችው። ከመስከረም ጀምሮ ፋሻው ሲቀየር የቁስሉን ዳር ዳር የእማማን ቅባት ትቀባው ኖሯል። ሐኪሙ አያውቅም። እኔም አላውቅም። ነርሷ «ዛሬ ማር ማር ይሸታል» ብላ እንደነበር ያኔ ትዝ አለኝ።

እንግዲህ አራት ነገር በአንድ እግር ላይ ከሠራ፣ ማንኛው እንደሠራ ከዚያ እግር መማር አይቻልም። «ይሄን ተቀብቶ ዳነ» የሚለው ወሬ ሁሉ ችግሩ ይኸው ነው። «ይሄን ውጦ ዳነ» የሚለውም እንደዚያው።

ያደረ አይሆንም

አክስቴ በስውር የምትቀባውን ገና ሳላውቅ፣ መስከረም ላይ፣ ብቻዬን እማማ ዘንድ ተመልሼ ነበር። በዚህ ጊዜ ለመጣላት አልነበረም። የአክስቴ ሽንኩርት ያቃጠለው የሳቸው ሽንኩርት ለምን አያቃጥልም? ይህ ነበር ጥያቄዬ። እሳቸውም ነጭ ሽንኩርት ይጠቀማሉና።

ጎጆው በር ላይ አስቀመጡኝ። የሀገሩን፣ ትንንሿን፣ ወይን ጠጅ ቀለም የምትለውን ሽንኩርት አወጡ። ላጡ። ወቀጡ። ከዚያ ሙቀጫውን በቅጠል ሸፍነው ተዉት። ምን እየጠበቅን ነው ስላቸው «ይንቃ እንጂ» አሉኝ። ቡና አንድ ጊዜ እስኪፈላ ያህል ቆየን። ቀጥሎ በጨርቅ ጨመቁት። ጭማቂው ጥቂት ነው። የጨመሩበት የጣዝማ ማር ግን ብዙ ነው። ጣዝማ የማትናደፍ፣ መሬት ውስጥ የምትሠራ ትንሽ ንብ ናት፤ ማሯ ቀጠን ያለና ጎምዘዝ የሚል ነው። ቆፍረው የሚያመጡላቸው ልጆች አሉ።

«ሥጋው ላይ አታድርጊ። ዳር ዳሩን ብቻ። አትሰሪው፤ ነፋስ ይንካው። እሳት አታስነኪው። የሠራሽውን በዕለቱ ጨርሺው፤ ያደረ አይሆንም። ደግሞ ከልጅ አርቂው።»

ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። ቤቴ ገብቼ መልሼ ሳነበው ግን ከዩኒቨርሲቲ ማስታወሻዬ ጋር አንድ በአንድ ገጠመ።

ነጭ ሽንኩርት ሳይነካ ሲቀመጥ ባክቴሪያ የሚገድለው ነገር ውስጡ የለም። ያለው አሊን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ለብቻው ደግሞ፣ በሌላ ክፍል፣ አሊናዝ የሚባል ኢንዛይም ተቀምጧል። ሲወቀጥ ሁለቱ ይገናኙና አሊሲን ይፈጠራል። ያ የሚሰነፍጠው ሽታ እሱ ነው፤ ባክቴሪያ ገዳዩም እሱ ነው። «ይንቃ» ማለት ይኸው ነው። ሽንኩርቱ ሳይወቀጥ ከተቀቀለ ኢንዛይሙ ይበላሻል፤ አሊሲን የሚባል ነገር አይፈጠርም። ከተፈጠረም በኋላ ቶሎ ይፈርሳል። ያደረ አይሆንም።

ማሩም እሳት አይወድም። ማር ባክቴሪያን የሚያሸንፈው በሦስት መንገድ ነው። ውሃው ትንሽ ነው፤ አሲድ አለው፤ ደግሞ ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም አለው። ማር በቁስል ፈሳሽ ሲቀጥን ይህ ኢንዛይም ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ እያመረተ ያንጠባጥባል፤ በፋርማሲ ለቁስል ማጠቢያ የምንሸጠው ዓይነት፣ መጠኑ ግን እጅግ ያነሰ። ሲፈላ ኢንዛይሙ ይሞታል። «ከልጅ አርቂው» ያሉትንም ለምን እንዳሉ ባይነግሩኝም፣ ማር ውስጥ የቦቱሊዝም ባክቴሪያ ዘር ሊኖር ስለሚችል ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም። በውጭ አገር ለቁስል የሚሸጠው ማር በጋማ ጨረር የሚጸዳውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ዘሩ እንዲሞት፣ ኢንዛይሙ ግን እንዲተርፍ። የእማማ ማር በጨረር አልጸዳም። አክስቴ ስትቀባው ዕድለኞች ነበርን ብዬ ነው የማስበው።

ላብራቶሪ የሚያስተምር ጓደኛ አለኝ። ለመንኩት። ለማስተማሪያ የሚያስቀምጡትን መደበኛ ስታፍ በአንድ የባክቴሪያ ማሳደጊያ ሳህን ላይ ዘራልኝ። ረጋ ያለ ጄሎ በሚመስለው ምግብ ላይ ሦስት ጉድጓዶች ቆረጥን። አንዱ ውስጥ አሁን የተወቀጠ ጭማቂ። ሁለተኛው ውስጥ ፍሬው ተቀቅሎ ከዚያ የተወቀጠው። ሦስተኛው ውስጥ ከሦስት ቀን በፊት ተወቅጦ የተቀመጠው። ሌሊቱን በ37 ዲግሪ አደረ።

ጠዋት ጓደኛዬ ክዳኑን ገልጦ ወደ መስኮቱ አነሣው። ባክቴሪያው ሳህኑን እንደ ጭጋግ ሸፍኖታል። ትኩሱ ጭማቂ ባለበት ጉድጓድ ዙሪያ ግን ጥርት ያለ ሰፊ ክብ አለ። ጨረቃ ከብባ ስትወጣ እንደሚታየው ዓይነት። የተቀቀለው ዙሪያ ጭጋጉ እስከ ጉድጓዱ አፍ ደርሷል። የሦስት ቀኑ ክብ አለው፤ ጠባብ ነው። ሳህኑ ራሱ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል።

ይህ ጥናት አይደለም። አንድ ሳህን ነው፤ አንድ ሌሊት ነው፤ አልደገምነውም። ግን በሳምንት ሁለቴ «ነጭ ሽንኩርት ይሠራል?» ለሚለኝ ደንበኛ የምመልሰው መልስ ተለወጠ። የትኛው ነጭ ሽንኩርት ነው የምለው አሁን።

ስሙ ተሻገረ፣ አሠራሩ ቀረ

አክስቴ ጋ የደረሰው የዕፁ ስም ብቻ ነበር። ማንቃቱ፣ ማቅጠኑ፣ አለማሰሩ፣ መጣሉ መንገድ ላይ ቀርቷል። ይህ የስልክ ጥፋት ብቻ አይደለም። የባህል መድኃኒት ጥናቶችን ሳነብ ብዙ ጊዜ የማየው ረጅም ሰንጠረዥ ነው። ዳማከሴ፣ ቅጠሉ፣ ለምች። ጤና አዳም፣ ፍሬው፣ ለሆድ። ብሳና፣ ቅጠሉና ወተቱ፣ ለቆዳ። ከዚያ ቅጠሉ ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ ሜታኖል በሚባል አልኮል ተዘፍዝፎ ባክቴሪያ ላይ ይፈተናል። አዋቂዋ በሜታኖል አትዘፈዝፍም። ካልሠራ «አይሠራም» ተብሎ ይጻፋል። የተፈተነው ግን የሳቸው መድኃኒት አይደለም።

ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩ የገጠማት ይኸው ነበር። ለወባ ሲባል ቺንግሃኦ የሚባለውን ዕፅ ስትፈትን ውጤቱ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይጠፋል። ተመልሳ የአራተኛው ክፍለ ዘመን የመድኃኒት መጽሐፍ ገለጠች። ዕፁን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈህ ጨምቀህ ጠጣ ይላል። አፍላው አይልም። ሙቀቱ ይሆን እንዴ የሚያበላሸው አለችና በዝቅተኛ ሙቀት በሚተን ኤተር አወጣችው። ጊዜው በፈረንጆቹ 1971 ነበር። አርቴሚሲኒን የተባለው የወባ መድኃኒት ከዚያ መጣ፤ በ2015 የኖቤል ሽልማት አስገኘላት።

የኛው ተመራማሪ አክሊሉ ለማም እንዶድን ያገኘው አንድ ወንዝ አጠገብ ቆሞ ነው። በፈረንጆቹ 1964፣ ዓድዋ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከማጠቢያው በታች ባለው ውሃ የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ያየው ዕፁን ብቻ ሳይሆን ዕፁ የሚሠራበትን ቦታና አኳኋን ነው። ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አግኝተውበታል።

ቤታችንም ብንፈልግ አናጣውም። እናቶቻችን የጠላ ጋን በግራዋ ያሻሉ። የወተት ዕቃ በወይራ ያጥናሉ፤ ወተቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ነው። ማንም ባክቴሪያ ብሎ አልነገራቸውም።

በሌላ በኩል፣ እኔም ራሴን ላቀዝቅዝ። ሳህን ላይ ክብ መሥራት ቀላል ነው። በረኪናም ክብ ይሠራል። የዕፅ ጭማቂ ብዙ ጊዜ የሚፈተነው በሚሊግራም ነው፤ አንቲባዮቲክ የሚገድለው በማይክሮግራም ነው። ልዩነቱ ሺህ እጥፍ ነው። አሊሲን ደም ውስጥ ሲገባ ወዲያው ከሰውነት ንጥረ ነገሮች ጋር ይጣበቅና ይጠፋል፤ ስለዚህ ሽንኩርት መዋጥ የእግርን ስታፍ አይገድልም። ቁስሉ ላይ ያለው ስታፍ ሳይሆን ሱዶሞናስ ቢሆን ደግሞ፣ ያ ባክቴሪያ ተጨማሪ የውጭ ሽፋን አለው፤ የገባበትን መልሶ የሚያስወጣ ፓምፕም አለው። ስታፍን ያሸነፈ ብዙ ዕፅ እሱ ጋ ሲደርስ ይረታል። ሽንኩርቱም ከአሸዋ ሜዳ ገበያ የተገዛውና ከእማማ ጓሮ የተነቀለው አንድ ዓይነት አሊሲን አይሰጥም። መድኃኒት ሊባል የሚችለው ዛሬም ነገም ያው ሲሆን ነው።

የሚገርመኝ፣ ይህን ሁሉ ከምናውቅ ወገኖች ይልቅ ገደቡን የተናገሩት እማማ መሆናቸው ነው። ስኳር ያለበትን አልነካም አሉ። እኔ 15 ፍሬ ሰጠሁ።

የማኅበረሰብ ዕውቀት ወስዶ የሚጠቀም ሰው የባለቤቱን ፈቃድ እንዲያገኝና ጥቅሙን እንዲያካፍል የሚያዝ አዋጅ አለን፤ ቁጥሩ 482/1998 ነው። ጓደኛዬ ሥራውን አሳድገን እንጻፈው ሲለኝ ይህንኑ አነሣሁበት። የማን ስም ነው የሚጻፈው? ተከራከርን። አልጨረስንም። እስከዚያው እማማ ብሳና የሚቀነጥሱበት ቁጥቋጦ ግማሹ ታጥሮ የብሎኬት ማምረቻ ሆኗል።

ባለፈው ቅዳሜ የሳህኑን ፎቶ በስልኬ ይዤ ሄድኩላቸው። አጉልቼ አሳየኋቸው። ስልኩን ራቅ አድርገው፣ ቀረብ አድርገው አዩት።

«ይሄ ምንድን ነው ልጄ?»

«ቁስል የሚያመጣው ነው እማማ። እዚህ ጋ ጥርት ያለው፣ በእርስዎ ሽንኩርት የሞተው ነው።»

«ሰውየውስ የታል?»

«ሳህን ነው እማማ። ሰው የለበትም።»

ስልኩን መለሱልኝ። ትንሽ ቆይተው «ባልየው ስኳሩን ይለካል?» አሉ።

«ይለካል። ማለት… ከባለፈው ሳምንት ወዲህ አልጠየቅሁትም።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አሉኝ።